አረጠች እንጂ አልጃጀችም

በመጠለያችን ስለ ሴቶች ጤና ስብሰባ ሲደረግ የሚነሳው ስለ ነፍሰ ጡር፣ ስለ አራስና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ነው። ይህ ተገቢ ነው፣ ማንም አይቃወምም። መውለድ ያቆመችው እናትስ? ብዙ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ያርጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቃቸው የለም።

እኛ በኡራን የምንኖር ስደተኛ መምህራን ይህን የምንጽፈው በየሰፈሩ የምንሰማው አነጋገር ስላሳሰበን ነው። አንዲት እናት የራሽን ቀን ከረሳች «ጃጀች» ትባላለች። ሌሊት ላብ አጥምቋት ተነስታ ከተቀመጠች «ዛር ነው» ይባላል። ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የስደተኛ ጉዳይ ግን በማስታወስ ላይ የቆመ ነው። ቢሮ ተጠርታ ከአገር የወጣችበትን ቀን ስትጠየቅ ብትደናገር «ትዋሻለች» ልትባል ትችላለች።

ሐኪሞች የሚሉት ሌላ ነው። በማረጥ ጊዜ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ሰውነት በድንገት ይግላል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀጠሮ ቢረሳ ምን ይገርማል? ለብዙዎቹ መርሳቱ ቀላል ነው፣ ጊዜው ሲያልፍም ይሻላቸዋል።

«ታዲያ የሆርሞን መድኃኒት አለ አይደል?» የሚሉ አሉ። አዎ፣ አለ። ለሙቀቱና ለላቡ በደንብ ይሠራል። ለአእምሮ ማጠንከሪያ ተብሎ ግን አይወሰድም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 4,532 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ሁለት ሆርሞን አንድ ላይ ከወሰዱት 40፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 21 ሴቶች የመርሳት በሽታ ያዛቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በቅርቡ ባረጡ ሴቶች ላይ መድኃኒቱ አእምሮን እንዳልጎዳ፣ እንዳልጠቀመም አሳየ። ስለዚህ መቼ ተጀመረ የሚለው ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የቆየውን ከባድ ማስጠንቀቂያ እንደሚያነሳ አስታውቋል። ይህ ግን ለመርሳት መከላከያ ተፈቀደ ማለት አይደለም።

እናቶቻችን፣ ከሱቅ ክኒን ገዝታችሁ ወይም የልጃችሁን የወሊድ መከላከያ ተቀብላችሁ አትዋጡ። ደም ግፊት ላለባት፣ ደም ረግቶባት ለምታውቅ፣ የጡት ካንሰር ለነበረባት ሴት አደጋ ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያ የጤና ባለሙያ ይያችሁ።

የጤና ኃላፊዎችንም እንጠይቃለን። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 100,000 የሚሆኑ የጤና አስተማሪዎችን የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ አስይዛ በየመንደሩ አሰማርታለች። እነሱ በየድንኳኑ ቢዞሩ ብዙ እናቶች ይተርፋሉ። ምክንያቱም በጎልማሳነት ያልታከመ ደም ግፊት ኋላ ለመርሳት በሽታ ከሚዳርጉት አንዱ ነው። ቃለ መጠይቅ የምታደርጉም እባካችሁ ለእናቶች ጊዜ ስጧቸው፣ ደክሟቸው ከሆነ አሳርፏቸው።

እኛስ ባሎችና ልጆች? መንገድ የሚጠፋባት፣ የቤተሰቧን ስም የምትረሳ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚብስባት እናት ካለች ሳንዘገይ ወደ ክሊኒክ እንውሰዳት። ለሌሎቹ ውኃ መቅዳቱን እናግዛቸው፣ የራሽኑን ቀን እናስታውሳቸው። «ጃጀች» የምትለዋን ቃል ግን ከአፋችን እናውጣት።

ቸር ይግጠመን።