የተማሪዎች አትክልት ወደ ተማሪዎች ማዕድ ይግባ

በአገራችን በብዙ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የተማሪዎች የአትክልት ሥፍራ ይገኛል። አንዳንዱ በግብርና ክበብ፣ ሌላው በመምህራን አነሳሽነት የተቋቋመ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት የማይባሉት ከአንድ ዓመት በላይ አይዘልቁም፤ አጥሩ ይፈርሳል፣ መደቡም በአረም ይዋጣል። ለዚህ ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የውኃ፣ የዘርና የመሣሪያ እጥረት ነው። እነዚህ ችግሮች መኖራቸው አይካድም። በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም አትክልቱን ያለማው ተማሪ ምርቱን የማይበላው መሆኑ ነው።

አትክልቱ ለማን ነው?

ተማሪው ቆፍሮና ውኃ አጠጥቶ ያደረሰው ጎመን ተሽጦ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ሲውል፣ ተማሪው የሚማረው ነገር ቢኖር ግብርና ድካሙ የራስ፣ ጥቅሙ የሌላ መሆኑን ነው። አርፍዶ የመጣን ተማሪ በቅጣት መደብ ማስቆፈርም ከዚህ አይሻልም። ዶማን የቅጣት መሣሪያ ያደረገ ትምህርት ቤት የገበሬውን ልጅ የአባቱን ሥራ እንዲንቅ ያስተምረዋል።

ምርቱ ካልተሸጠ ዘርና መሣሪያ በምን ይገዛል የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የሐበሻ ጎመን ዘር በየዓመቱ መግዛት ግዴታ አይደለም። ከመደቡ ጤናማና ቅጠላቸው የሰፋ ጥቂት ተክሎች ሳይለቀሙ ቀርተው ቢያብቡና ቢያፈሩ ለሚቀጥለው ዓመት የሚበቃ ዘር ይሰጣሉ። ከወጥ ቤቱ ፍላጎት የተረፈውን መሸጥም አይከለከልም። እኛ የምንቃወመው መጀመሪያ ሸጦ የተረፈውን ለተማሪ መስጠትን ነው።

ከአሥር መደብ ምን ይገኛል?

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። እንጀራ በሽሮ ብቻ ለሚመገብ ተማሪ ይህ ሩቅ ነው። አንድ የአትክልት ሥፍራም ብቻውን ክፍተቱን አይሞላውም። ነገር ግን እያንዳንዱ 5 ሜትር ርዝመትና 1.20 ሜትር ስፋት ያላቸውን 10 መደቦች እንውሰድ። ቆስጣ በረድፎች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ መደብ 50 ያህል ተክል ይይዛል። አምስቱ መደቦች በቆስጣ ቢያዙና ከየተክሉ በሳምንት ሁለት ቅጠል ቢለቀም 500 ቅጠል ይሆናል። ይህ በሳምንት አንድ ቀን የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ወጥ አረንጓዴ ለማድረግ ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ ምርጫችን ለረጅም ጊዜ በተደጋጋሚ የሚለቀሙት ጎመንና ቆስጣ ናቸው። ጥቅል ጎመን ለዓይን ቢያምርም በአንድ ጊዜ ደርሶ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ከሥራሥር ወገን ካሮትና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንች በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ንጥረ ነገር አላቸው፤ በጥቂት ዘይት ሲበሉ ሰውነት በይበልጥ ይጠቀምባቸዋል። ጎመንን ለረጅም ጊዜ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ግን ተማሪው የደከመበትን ቫይታሚን ሲ አብሮ መድፋት ነው። ጎመኑ ታጥቦና ተከትፎ በጥቂት ውኃ ለአጭር ጊዜ ይብሰል።

የዝናቡና የትምህርቱ ጊዜ አለመገጣጠም

በአብዛኛው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ተማሪው ቤቱ ሳለ ነው። ትምህርት የሚሰጠው ደግሞ በአመዛኙ በበጋ ነው። ይህን ሳያሰሉ በሰኔ ችግኝ ተክሎ መለያየት ለአረም መትከል ነው።

እኛ የምንመክረው የሚከተለውን ነው። ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ከአሥሩ መደቦች አራቱ ባቄላ ይዘሩ። ባቄላ በክረምት ዝናብ ይበቅላል፤ ሥሩም ከአየር የሚገኘውን ናይትሮጂን ለአፈሩ ያተርፋል። በሐምሌ አንድ ጊዜ የሚያርም ሰው ካገኘ ተማሪው ሲመለስ እሸት ይጠብቀዋል። በመስከረም ጎመን ችግኝ ፈልቶ በጥቅምት ወደ ቀሪዎቹ መደቦች ቢዛወር፣ ቆስጣም በዚያው ጊዜ ቢዘራ፣ ከኅዳር መጨረሻ ገደማ ጀምሮ መልቀም ይቻላል። ውርጭ በሚያጠቃቸው የደጋ ቦታዎች ችግኙን ሌሊት በሣር መሸፈን ያስፈልጋል። ባቄላው በተነሣበት መደብ የሚተከለው ሁለተኛ ዙር ደግሞ የሁዳዴ ጾም ሲገባ ይደርሳል፤ ይህም ከጾመኛ ቤተሰብ ማዕድ ወተትና እንቁላል የሚጠፋበት ወቅት ነው።

ውኃውን አስቀድሞ ማስላት

በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን በአማካይ 5 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። አሥሩ መደቦች 60 ካሬ ሜትር ስለሆኑ በቀን 300 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 15 ጀሪካን ያስፈልጋቸዋል። ይህን ማቅረብ የማይችል ትምህርት ቤት አሥሩን ከማድረቅ አራቱን ቢያለማ ይበልጣል። መደቡን በደረቅ ሣር ማልበስም ትነቱን ይቀንሳል። በከተማ ግን ያገኙትን ውኃ ሁሉ መጠቀም አይገባም። በአዲስ አበባ እንደ አቃቂ ያሉ ወንዞች ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚወጣ ፍሳሽ የተበከሉ መሆናቸው በጥናት የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ውኃ የለማ ቆስጣ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ጤናማ ምግብ ሊባል አይችልም።

ፀረ ተባይ መድኃኒትም ሕፃናት በሚውሉበት ግቢ ባይገባ እንመርጣለን። ክሽክሽ ሲታይ የተጠቃውን ቅጠል ቆርጦ ማስወገድና ቀሪውን በቀጭን የሳሙና ውኃ ማጠብ ለትንሽ መደብ በቂ ነው፤ ከመብላት በፊት ቅጠሉ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። የወጥ ቤት ጥራጊ፣ ቅጠልና እበት ደግሞ በየተራ ተነባብሮ፣ እርጥበቱ ተጠብቆና እየተገላበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ቢቆይ ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተስፋፋ ድስቱ ከመደቡ ብዙ አይርቅም። ወጥ ቤት በሌለበትም ምርቱን በየተራ ለተማሪዎች አከፋፍሎ ወደ ቤት መላክ ይቻላል።

ስለሆነም ርእሰ መምህራን፣ መምህራንና የወላጆች ኮሚቴዎች መሬቱን ከማስቆፈራቸው በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ እንዲወስኑ እናሳስባለን፤ በክረምት መደቡን ማን ይጠብቃል? ውኃው በየቀኑ ከየት ይመጣል? ምርቱስ በየትኛው ቀን በማን ሳህን ላይ ይቀርባል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ትምህርት ቤት ዶማውን ባያነሣ ይሻላል።