ሊቅና ልብስ አጣቢ

አንዳንድ ሰዎች የዩኒቨርሲቲ መምህር ከመጻሕፍት ቤቱ ወጥቶ ወደ ገበሬው መንደርና ወደ ወንዝ ዳር ሲወርድ ያዩት እንደ ሆነ፤ ክብሩን የጣለ ይመስላቸዋል። ትምህርት ከፍ ያለ ነገር ነውና ከፍ ብሎ ይቀመጥ ይላሉ። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ምክር አትቀበል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደው ነበር። የዚህ በሽታ ትል በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ፤ ውሃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ወደ አካሉ ይዘልቃል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ቢጠፋ የበሽታው መንገድ ይቈረጣል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፤ ዶክተሩ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ለልብስ ማጠቢያ የሚወቅጡት እንዶድ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ! በእርግጥ መጽሐፉን ባያነቡ ኖሮ የቀንድ አውጣ ሞት ምን ይገዳቸው ነበር? ነገር ግን መጽሐፉን ብቻ ይዘው ቢቀመጡስ ያን ወንዝ ማን ያሳያቸው ነበር?

ዳሩ ግን መንገዱ ቀላል ነው ብዬ አላታልልህም። ታላላቆቹ የውጭ አገር ድርጅቶች ይህን ከአፍሪካ ቍጥቋጦ የተገኘ መድኃኒት ለብዙ ዘመን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት ከ25 ዓመት በኋላ፤ በ1989 ነው። ደግሞም በጭቃ ሲመላለስ የዋለ መምህር ጽሑፉ ይዘገያል፤ ከወንበሩ ሳይነሣ የጻፈው ባልንጀራው በማዕርግ ይቀድመዋል።

የእኔ ትልቁ ቅሬታ ግን በዚህኛው ባልንጀራ ላይ አይደለም፤ እርሱስ ቢያንስ ማንንም አላደከመም። የሚያስቈጣኝ በመኪና ወርዶ፤ መጠይቁን ሞልቶ፤ ከሕዝብ ጋር ሠራሁ እያለ የሚመለሰው ነው። ገበሬው የእርሻ ቀኑን ሰጥቶ፤ ቡና አፍልቶ፤ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ የተጠየቀውን ሁሉ መልሶ፤ ጥናቱ ምን እንዳስገኘ አንድ ቃል ሳይሰማ ይቀራል። የጥናቱ ጽሑፍም ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ይታተማል። ይህ የሰውን እህል ወስዶ ካለመክፈል በምን ይለያል?

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ለመምህሩ ማዕርግ ሲሰጥ፤ ስንት ጽሑፍ አሳተምህ ብሎ ከጠየቀ በኋላ፤ ወደዚያች መንደር ተመልሰህ ያገኘኸውን ነገርሃቸው ወይ? ብሎ ይጨምርበት። አልሄድሁም ያለው መምህር፤ መጀመሪያ ሄዶ ይምጣ።