የጭነት እንስሳት ውለታ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቆረቆረች፣ አንድ ስም ይዛ ለሁለት አገር የተከፈለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው አውራ ጎዳና በመካከሏ ያልፋል። በኬንያ በኩል ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ቀድሞ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በአንድ ቀን የሚፈጸም ሆኗል። ከዚህም የተነሣ «የሲራራው ዘመን አልፏል፤ የጭነት እንስሳት ተራ አብቅቷል» የሚሉ አሉ። ይህ አስተሳሰብ ግን ከእውነት የራቀ ነው።

መኪና ዕቃን የሚያደርሰው እስከ ጎዳናው ዳር ነው። ከጎዳናው እስከ ጎጆው፣ ከውሃ ጉድጓዱ እስከ ሰፈሩ ያለውን መንገድ የሚሸፍነው የእንስሳት ጀርባ ነው። አርብቶ አደሮቹ ገብራዎች ወደ ሌላ ግጦሽ ሲሄዱ ቤታቸውን ነቅለው በግመል ይጭናሉ። የአካባቢው እናቶችም ውሃውንና ማገዶውን በአህያ ያጓጉዛሉ። አህያ በሌለችበት ቤት ይህ ሸክም የሚወርደው በእናትና በሴት ልጅ ጀርባ ላይ ነው፤ ውሃ ስትቀዳ የምትውል ልጃገረድም ከትምህርት ገበታዋ ትቀራለች።

ይሁን እንጂ ይህች ባለውለታ አደጋ አንዣቦባታል። ከቆዳዋ ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ በቻይና ለባህላዊ መድኃኒት ይፈለጋል። በኬንያ የአህያ ቄራዎች በተከፈቱባቸው ዓመታት ከኢትዮጵያ በሞያሌ በኩል አህዮች በስውር ይነዱ ነበር። በአገራችን በቢሾፍቱ የተከፈተው ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ በ2009 ዓ.ም. ተዘጋ። የኬንያ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. እርዱን ቢከለክልም፣ በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። በመጨረሻም የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወሰኑ።

«ባለንብረቱ አህያውን ሸጦ ቢጠቀም ምን ክፋት አለው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ድርቅ ያጠቃው ቤተሰብ ገንዘብ ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ቆዳ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ሲሆን ጉልበት ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። በተጨማሪም አህያ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ስለሆነ እንደ ፍየል ፈጥና አትተካም። ቄራው የሚፈጀው ከሚወለደው ከበለጠ ዋጋዋ ይንራል፤ ያን ጊዜ ሌላ መግዛት የሚሳነው ድኻው ነው።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል። ጠባቂ የሌለው ሕግም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ሞያሌዎች ያሉ ባለሥልጣናት ድንበሩን በጋራ ሊቆጣጠሩ ይገባል። ባለቤቶችም ጭነቷን በልክ ማድረግ፣ ጀርባዋ ሲገጠብ እስኪሽር ማሳረፍ፣ ስትታመምም ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይኖርባቸዋል። የቤተሰብን ኑሮ የተሸከመች እንስሳ ከቆዳዋ ዋጋ በላይ ልትታይ ይገባታል።