ድንበር የማያውቅ አማና



በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ አንዲት አውራሪስ እናወጋለን። ስሟ ኢማን ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በቦርኒዮ ደሴት፣ በማሌዥያዋ የሳባህ ግዛት በካንሰር ሕመም ሞተች። ታም የተባለው ወንዱ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ቀድሟት ስለ ሞተ፣ በእርሷ ሞት የሱማትራ አውራሪስ ከማሌዥያ ምድር ጠፋ። ዛሬ የቀሩት በኢንዶኔዥያ ብቻ ሲሆኑ ቁጥራቸውም መቶ አይሞላም።

እዚህ ላይ የደረሱት በአንድ ቀን አይደለም። ለቀንዳቸው ሲባል ታደኑ፤ ደናቸውም ተመነጠረ። የተረፉት ጥቂቶች በየቦታው ተበታትነው ወንድና ሴት መገናኘት አቃታቸው። የዚህ ዝርያ እንስት ደግሞ ሳትወልድ ከቆየች ማሕፀኗ በዕጢ ይታመማል። ሁለቱ ጎረቤት አገሮች ያሏቸውን አውራሪሶች በጋራ ለማራባት ለዓመታት ተነጋገሩ። ይሁን እንጂ ንግግሩ ፍሬ ሳያፈራ ኢማን ሞተች። ልብ በሉ! እንስሳዋን የጎዳት የአዳኙ ጥይት ብቻ ሳይሆን የጎረቤታሞች መዘግየትም ጭምር ነው።

አንድ ደሴት፣ ሦስት አገሮች

ቦርኒዮ ከግሪንላንድና ከኒው ጊኒ ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛዋ ትልቅ ደሴት ናት። ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያና ብሩናይ ይጋሯታል፤ ሦስቱም አብዛኛው ሕዝባቸው ሙስሊም የሆነ አገሮች ናቸው። በደኗ ውስጥ የሚኖረው ኦራንጉታን ስሙ በማላይ ቋንቋ «የደን ሰው» ማለት ነው። እናቲቱ የምትወልደው ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ አንዲት እናት ስትገደል ጉድለቱ ቶሎ አይሞላም።

ወፍና ዝንጀሮ ፓስፖርት አይጠይቁም፤ ወንዝም በኬላ አይቆምም። አንዱ አገር ደኑን ሲጠብቅ ሌላው ቢመነጥር የጠባቂው ድካም ከንቱ ይሆናል። ይህን በመረዳት ሦስቱ አገሮች በፌብሩዋሪ 2007 በባሊ ተገናኝተው «የቦርኒዮ ልብ» የተባለውን ስምምነት ፈረሙ። በደሴቲቱ መካከል የሚገኘውን 220,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደናማ ምድር በጋራ ለመንከባከብ ቃል ተግባቡ። ከዚያ በፊትም በ1990ዎቹ የሣራዋኩ ላንጃክ እንቲማውና የኢንዶኔዥያው ቤቱንግ ከሪሁን የተባሉት ጥብቅ ሥፍራዎች ድንበር ለድንበር ተያይዘው በጋራ መጠበቅ ጀምረው ነበር። ኦራንጉታኖች በሁለቱም በኩል ይኖራሉ።

ፊርማ ብቻውን ግን ደን አያድንም። የአካባቢው አገሮች በእሳት የሚነሣን ጭስ ለመከላከል በ2002 ስምምነት ተፈራርመው ነበር። ኢንዶኔዥያ ያጸደቀችው በ2014 ነው። በተከታዩ ዓመት ግን በሱማትራና በቦርኒዮ የተነሣው እሳት ጭሱን እስከ ሲንጋፖርና ማሌዥያ አድርሶ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ። እሳቱ የበረታው ረግረጋማው መሬት ለእርሻ ሲባል ውኃው ተንጣፍፎ ደርቆ ስለነበረ ነው።

የዑለማዎች ድምፅ

በ2014 የኢንዶኔዥያ የዑለማዎች ምክር ቤት ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን በሕገ ወጥ መንገድ ማደንና መነገድ ሐራም መሆኑን በፈትዋ አስታወቀ። ሕግ የሚያስከብር ፖሊስ በሌለበት ጫካ ውስጥ ሰውን የሚያቆመው አላህን መፍራት ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሰው ልጅ በምድር ላይ ኸሊፋ ተደርጓል ስንል ባለ አደራ ነው ማለታችን ነው። ባለ አደራ ደግሞ የተሰጠውን ጠብቆ ያስረክባል እንጂ አጥፍቶ «የእኔ ድርሻ ነበር» አይልም።

ታዲያ እኛስ? ወደ አገራችን ለብዙ ዓመታት የገባው የምግብ ዘይት አብዛኛው የፓልም ዘይት ሲሆን፣ ምንጩም በዋናነት ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ናቸው። ከደኑ የተመነጠረው መሬት ብዙው ለዚሁ ተክል ውሏል። ስለዚህ ነገሩ ምጣዳችን ድረስ ይመጣል። ዘይቱን አትግዙ ማለቴ አይደለም። ፓልም ከአንድ ሄክታር የሚሰጠው ዘይት ከአኩሪ አተር ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ሁሉም ሰው ወደ ሌላ ዘይት ቢዞር ሌላ ደን ሊመነጠር ይችላል። ግን እናቶች ሆይ! ጠብሰን የምንደፋው ዘይት ኢስራፍ ነው፤ ከኪስም ከደንም ይወጣል። አባቶች ሆይ! ልጆቻችሁ ወፍ በወንጭፍ ሲመቱ እያያችሁ ዝም አትበሉ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ በመስጊዳችሁና በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ችግኝ ስትተክሉ፣ ለጎረቤት መንደር ልጆችም ንገሩ፤ ውኃ ማጠጣቱንም በተራ ተካፈሉ። ሰው ወይም እንስሳ ከተከልነው ከተመገበ ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍልን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል።

ሦስት መንግሥታት አንድን ደን በጋራ መጠበቅ ካለባቸው፣ ሦስት ጎረቤቶች አንድን ዛፍ ለመጠበቅ ምን ያንሳቸዋል?

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም!