በድሬዳዋ ሌሊት የከዋክብትን ቁጥር ስለ ማንበብ

በሰማይ ያለውን ኮከብ ፈልጎ የሚያገኝ መሣሪያ በእጅ ስልክ በሚታዘዝበት በዚህ ዘመን፣ በቴሌስኮፕ መቆሚያ ላይ የተቀረጹትን ባለቁጥር ክበቦች በጨለማ ውስጥ በገዛ ዓይን የማንበብ ትምህርት ለድሬዳዋ ወጣቶች ይሰጥ ብሎ መጠየቅ ጊዜው ያለፈበትን ነገር እንደ መሻት የሚቈጥረው ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን ይህ ትምህርት ለዚህች ከተማ ልጆች ከብዙ ከተሞች ልጆች ይልቅ የተገባ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክበቦቹ ሁለት ናቸው። የሰዓት ክበብ የሚባለው በ24 ሰዓት ተከፍሎ ኮከቡ በሰማይ ወገብ ዙሪያ ከታወቀው መነሻ ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደሚርቅ ሲያመለክት፣ የዝንባሌው ክበብ ደግሞ ኮከቡ ከዚሁ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት እስከ 90 ዲግሪ ይቈጥራል፤ ከዋክብትም ሁሉ፣ በምድር ላይ ከተሞች በኬክሮስና በኬንትሮስ እንደሚታወቁ፣ በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች ቦታቸው ተወስኖ ይገኛል። ይህ አከፋፈል ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዕለቱን ኬክሮስ በተባሉ 60 የጊዜ ክፍሎች፣ ኬክሮሱንም በ60 ካልዒት፣ ከዚያም በታች እስከ ሣልሲትና ራብዒት እየከፈሉ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ ኖረዋል፤ የእነርሱ አንድ ኬክሮስ በእኛ ሰዓት 24 ደቂቃ ነውና፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰማይ 6 ዲግሪ ይዞራል። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የደረሰው መጽሐፈ ሄኖክም ለፀሐይ መውጫና መግቢያ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት ደጆችን ይቈጥራል። እንግዲህ ሰማይን በቁጥር ማንበብ ለእኛ ከአባቶች የተቀበልነው ሥራ እንጂ በቅርብ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨዋታ አይደለም።

አሠራሩን በምሳሌ ላስረዳ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ሌሊቶች ቤቴልጉዝ የተባለው ቀይ ኮከብ በድሬዳዋ ላይ ሲያልፍ ከአናታችን የሚርቀው 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ቦታው በሰዓት ክበብ 5 ሰዓት ከ55 ደቂቃ፣ በዝንባሌም ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ስለ ሆነ፣ ተማሪው ቴሌስኮፑን በእርሱ ላይ አቅንቶ የሰዓቱን ክበብ በዚህ ቁጥር ላይ ካቆመ በኋላ፣ ኦሪዮን በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን ደመና ለማግኘት ሰዓቱን ወደ 5 ሰዓት ከ35 ደቂቃ፣ ዝንባሌውን ወደ ደቡብ 5 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ ያዞራል፤ ይህም ማለት ወደ ምዕራብ 5 ዲግሪ፣ ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ መሄዱ ነው። ነገር ግን ሞተር በሌለው መቆሚያ ሰማይ በየአራት ደቂቃው 1 ዲግሪ ስለሚሸሸው፣ ከታወቀው ኮከብ ተነሥቶ ወደሚፈልገው ሳይዘገይ መድረስ፣ ከዘገየም ተመልሶ ክበቡን እንደ ገና ማስተካከል ይገባዋል። በታናናሾቹ መቆሚያዎች ላይ ያለው አንድ መስመር ብዙ ጊዜ የ10 ደቂቃ ሰዓት ወይም የ2 ዲግሪ ርቀት ስለሚያመለክት፣ በመጀመሪያ ሰፊ ሰማይ በሚያሳየው የዓይን መስተዋት መፈለግ የብልህ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጨለማው ልምጣ፤ ፈተናው ሁሉ በዚህ ነውና። የዓይናችን ብሌን በጨለማ ቶሎ ቢሰፋም፣ በዓይን ውስጥ ደብዛዛ ብርሃንን የሚቀበለው ረቂቅ ንጥረ ነገር ተመልሶ የሚሞላው ከግማሽ ሰዓት ባላነሰ ጊዜ ነው፤ አንድ ሰው ቁጥሩን ለማየት የስልኩን ነጭ መብራት በቅጽበት ቢያበራ ያን ሁሉ የትዕግሥት ፍሬ ያጠፋዋል፣ በአጠገቡ የቆሙትንም ያሳውራቸዋል። ይህ ንጥረ ነገር በቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይነካ ደካማ ቀይ መብራት ይበጃል፤ ለዚህም የእጅ ባትሪን በቀይ ሴሎፎን ደራርቦ መሸፈን ይበቃል። ሆኖም ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፤ በክበቡ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር በቀይ ብርሃን ፈጽሞ ስለሚሰወር፣ እንዲህ ያለውን ክበብ አስቀድሞ በቀን በጥቁር ቀለም መድገም ያስፈልጋል። ደግሞም በሰዓቱ ክበብ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ረድፍ ቁጥር፣ አንዱ ለሰሜን አንዱ ለደቡብ ንፍቀ ክበብ፣ ተጽፎ ይገኛልና የእኛ የሰሜኑ መሆኑን ሳይረሱ፣ ዓይንንም ከጠቋሚው ፊት ለፊት አቅንቶ ማንበብ ግድ ነው።

ድሬዳዋ በሰሜን 9 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ የሰሜን ኮከብ ከሽንሌ ሜዳ በላይ በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከተማዋ ከደንገጎ ተራሮች እግር ሥር ሆና ፊቷን ወደ ሰሜን ሜዳ ማዞሯ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፣ አቧራው ብቻ አንዳንድ ሌሊት ይጋርደዋል። የባቡሩን ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ያደረሱት ፈረንሳውያን በፓሪስ ሰማይ ከቶ የማይወጣላቸው የደቡብ መስቀል ለእኛ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። ነገር ግን ይህ ጸጋ ችግርም አለበት፤ ለአውሮፓ ሰማይ የተሠሩ መቆሚያዎች አብዛኞቹ ዋልታውን የሚያመለክተውን ዘንግ እስከ 10 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ አይችሉም። ከ20 ዲግሪ በታች ለማይወርድ መቆሚያ በደቡብ በኩል ከፍ ያለ የ10 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ሽብልቅ ከሥሩ ቢደረግለት ይበቃዋል፤ ይህንን ደግሞ ከውጭ አገር ማስመጣት አያሻንም። በአሮጌው ምድር ባቡር ጋራዥ በቶርኖና በካሊፐር ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎች በከተማችን አሉና ሽብልቁን ሊሠሩት ይችላሉ፤ ንባቡንም ሊያስተምሩ ይችላሉ፤ በካሊፐሩ ላይ ከመስመሮቹ ሁሉ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ለይቶ ማንበብ በትልልቆቹ ክበቦች ላይ ካለው ንባብ ጋር አንድ ነው።

በእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያሉት ሁለቱ የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች በኮምፒውተር ቢመሩ ተገቢ ነው፤ የተመራማሪ ሌሊት ውድ ነውና። ተማሪ ግን ከውጤቱ ይልቅ መንገዱ ይጠቅመዋል፤ ቁልፍ ተጭኖ ደመናውን ያየ ልጅ ደመናውን አየ፣ ቁጥሩን አንብቦ ያገኘው ግን የሰማይን አቀማመጥና የምድርን መዞር በእጁ ዳሰሰ። በዚህ ልዩነት ላይ ማንም ቢከራከረኝ ከሐሳቤ አልመለስም።

ስለዚህ የከተማው ትምህርት ቢሮና ዩኒቨርሲቲው ከጋራዡ ሽማግሌዎች ጋር ተባብረው፣ መብራት በማይደርስበት በከተማዋ ሰሜናዊ ዳርቻ በዘንጉ ዝንባሌ ልክ የተሠራ አንድ ቋሚ ምሰሶ እንዲተክሉ፣ የመንገድ መብራቶችም ብርሃናቸው ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ መሬት እንዲያይ እንዲደረግ፣ ሥራውም ኦሪዮን በምሽት ከሚወጣበት ከኅዳር ወር በፊት እንዲጀመር እጠይቃለሁ።