ንዳድ ያልነበረው ትኩሳት

ባለፈው ክረምት አዳማ ዘመድ ልንጠይቅ ሄደን ሳለ፥ አንዲት የጎረቤት እናት «ልጄን ንዳድ ያዘብኝ፤ ገላውም እንደ ግንድ ደረቀ» እያሉ መጡ። ልጃቸው የአእምሮ ሕመም ስላለበት ሃሎፔሪዶል የሚባለውን መድኃኒት መውሰድ ከጀመረ ዐሥረኛ ቀኑ ነበር። ገብተን ብናየው ላቡ ይንቆረቆራል፤ ክንዱ አልታጠፍ ይላል፤ ሲጠሩትም አያውቅም። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ሕመሙ ብሶበት ነውና ኪኒኑ ይጨመርለት» አለ። ምክሩ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ልጁን በገደለው ነበር።

ሐኪም ቤት ሲደርስ ነገሩ ከራሱ ከመድኃኒቱ የመጣ መሆኑ ታወቀ። መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚያግድ፥ በጥቂት ሰዎች ላይ ጡንቻ ይገትራል፥ የገላ ሙቀትም ከቁጥጥር ይወጣል፤ ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ነገር ደግሞ ኵላሊትን ያበላሻል። ዣን ዴሌይ የተባሉት ፈረንሳዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ይህን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ጽፈውታል። ከስድሳ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው እንግዲህ ለእኚህ እናት ሳይነገራቸው የቀረው!

ሕክምናው የሚጀምረው መድኃኒቱን ወዲያው በማቆም ነው። ከዚያም ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፥ ገላው ይቀዘቅዛል፥ ትንፋሹና ሽንቱ ሌት ተቀን ይጠበቃል። ሲጠና ዳንትሮሊን ወይም ብሮሞክሪፕቲን የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ወባም መኖር አለመኖሩ በደም ምርመራ ይጣራል፤ ንዳድ ያሉት እናት ሞኝ አልነበሩም።

አንዳንድ ሐኪሞች «ብንነግረው በሽተኛው ፈርቶ መድኃኒቱን ይተዋል» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ እነዚህ መድኃኒቶች ስንቱን ከሰንሰለት አውጥተዋል። ነገር ግን ዝምታውስ ምን አተረፈ? እናትዮዋ «ሁለተኛ ኪኒን ቤቴ አይገባም» ብለው ማሉ። እኛ ከትምህርት ቤት ከወጣን ገና ብዙ ስላልቆየን ሐኪምን ለመገሠጽ ድፍረቱ የለንም፤ ቢሆንም «ጧትና ማታ ዋጥ» የሚለው አፍ «ትኩሳትና መገተር ካየህ አቁመህ ሩጥ» ለማለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ልጁ ድኖ፥ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሌላ መድኃኒት በትንሹ ጀመረ። ይህን ጊዜ አንዲት ነርስ እናቲቱን አስቀምጠው ሁሉን አስረዷቸው። መሐላቸውን አፍርሰው ኪኒኑን የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው፤ ቴርሞሜትሩንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዞራሉ።