«ሲስተሙ ነው የመረጠሽ» አይበሉን
እህቶቼ፣ አሁን ደግሞ ሠራተኛ በስልክ እየተመረጠ ነው። ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ አገር ይነካል፤ ፎቷችን እንደ ሱቅ ዕቃ ተደርድሮ ይወጣል።

እኔን ደላላ ነው የዋሸኝ። «ሁለት ልጅ ነው» ብሎ አምስት ሆነው ጠበቁኝ። ግን ደላላው ፊት አለው፤ ወንድሜ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያዘው። ማሽኑን የት ሄደን እንያዘው?

«ማሽን አያዳላም» ይላሉ። ከማን ተምሮ? ማዳም በመልክና በአገር ስታማርጥ ከኖረች፣ እሱም ያንኑ ይደግማል፤ ያውም ሳያፍር።

ወረቀቱን ያፋጥን፣ አልጠላም። የሚመርጠውና የሚጠየቀው ግን ሰው ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 እንኳ የሥራችን ሁኔታ በሚገባን መንገድ እንዲነገረን፣ ከአገር ሳንወጣም በጽሑፍ እንዲሰጠን ይላል።

አገር ቤት ያለች እህት ስትደውልላችሁ ይህን ንገሯት፦ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ደሞዙ ስንት ነው? የእረፍት ቀኔ መቼ ነው? ችግር ቢገጥመኝ ለማን ልደውል? ብላ ትጠይቅ። በስሙ የሚመልስላት ሰው ከሌለ፣ እባካችሁ፣ እንዳትፈርም።